የጽንፈ ዓለም ግሽበት ሞዴሎች በምን ይለያያሉ? ጣሪያችን ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርብ አርብ ማታ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንድ ጣሪያ ላይ ቴሌስኮፕ እናወጣለን። ጨረቃን፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የሳተርንን ቀለበት ለመጣ ሁሉ እናሳያለን። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ከምናሳየው ያልፋል። ሳተርንን ያየ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ "እሺ፣ መጀመሪያስ ምን ነበር?" ይላል። ዩቲዩብ አይቶ የመጣው ደግሞ ይብሳል። "ኢንፍሌሽን የሚሉት ነገር ብዙ ዓይነት ነው አሉ። አንዱ ሌላውን ያፈርሳል። የቱን እንመን?" ይለናል። በየሳምንቱ ያንኑ ከምደጋግም ብዬ መልሱን እዚህ አስቀመጥኩት።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንቱታ ደግሞ እኛ ድሬዎች ላይ ብዙም አልሠራም፤ አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው።

ኢንፍሌሽን ስትሉ የዋጋውን ነው?

አይደለም፤ ግን ቃሉ ያው ነው። እኔ በአማርኛ "ግሽበት" እለዋለሁ። ቀፊራ ገበያ የቲማቲም ዋጋ በወር ውስጥ እጥፍ ቢሆን አገር ይጮኻል። ይሄኛው ከሴኮንድ ቅንጣት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በተለመደው ስሌት 86 ጊዜ ያህል በላይ በላዩ እጥፍ የሆነ ነው። የጨመረው ደግሞ ራሱ ቦታው ነው። የአንድ አቶም ስፋት ያህል የነበረ ቦታ ወደ አንድ የብርሃን ዓመት ገደማ ተለጠጠ። ጊዜውን መጻፍ ከፈለግህ፣ ዜሮ ነጥብ ብለህ 31 ዜሮ ደርድርና መጨረሻው ላይ 1 ጨምር። የዚያን ያህል ሴኮንድ ውስጥ አብቅቷል የሚለው ግምት የተለመደ ነው።

ታላቁ ፍንዳታ አይበቃም ነበር? ለምን ሌላ ነገር ጨመሩበት?

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ ላብ እያጠበህ ትሳፈራለህ፤ ደንገጎ ስትደርስ ሹራብ ትመኛለህ። ሁለት ጎረቤት ከተሞች እንኳን አንድ ዓይነት ሙቀት የላቸውም።

አሁን ወደ ሰማይ እንሂድ። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአንቴናቸው ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ የማይጠፋ ሹክሹክታ ሰሙ። ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀ ብርሃን ነበር። ዛሬ ቀዝቅዞ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ያህል ላይ ነው ያለው። ወደ ምሥራቅ ብታይ 2.7፣ ወደ ምዕራብ ብታይ 2.7። ልዩነቱ ከ100,000 አንድ እጅ ገደማ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ ጫፍ በተለመደው የፍንዳታ ታሪክ መሠረት ፈጽሞ ተገናኝተው አያውቁም። ብርሃን እንኳን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም። ሳይገናኙ እንዴት እኩል ሆኑ? ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ጅቡቲ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው፣ እስከ ሳንቲም ድረስ እኩል ብር ኪሳቸው ውስጥ ቢገኝ "ተነጋግረዋል" አትልም?

የግሽበት መልስ፦ አዎ፣ ተነጋግረዋል። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ቦታ ውስጥ አንድ ላይ ነበሩ፣ ሙቀታቸው እኩል ሆነ፣ ከዚያ ቦታው በድንገት ለጠጣቸው።

ህዋ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ የሚል ሌላ ጥያቄም ነበር። ለእሱም መልሱ ያው መለጠጡ ነው። የፊኛ ቆዳ እየተነፋ ሲሄድ ላዩ ላይ ላለች ጉንዳን ሜዳ ይመስላታል።

እሺ፣ ታዲያ ሞዴሎቹ በምን ይለያያሉ?

አቦ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ። በዚያ ቅጽበት ህዋን የሞላ አንድ "መስክ" ነበር። መስክ ማለት በየቦታው አንድ ቁጥር ያለው ነገር ነው። የድሬን የሙቀት ካርታ አስብ፤ ሳቢያን ላይ አንድ ቁጥር፣ መጋላ ላይ ሌላ ቁጥር። የዚህኛው መስክ ስም ኢንፍላቶን ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር የተወሰነ እምቅ ጉልበት አለው። ቁጥሩን በአግድም፣ ጉልበቱን በቁመት አድርገህ ብትስለው ተራራና ሸለቆ ይወጣልሃል። ኢንፍላቶን ከከፍታው ተነስቶ ወደ ሸለቆው ይንከባለላል። ከፍታው ላይ እያለ እምቅ ጉልበቱ ህዋን ይለጥጣል። ሸለቆው ሲደርስ ግሽበቱ ያበቃል።

ከሐረር ወደ ድሬ የሚመጣ ሚኒባስ ይሁንልህ። አወዳይን፣ ሐረማያን አልፎ ሜዳ ሜዳውን ይመጣል። ደንገጎ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ ጆሮህ ድው እያለ ድሬ ትገባለህ። ሹፌሩ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚሄድ ነው እንበል (በእውነቱ ዓለም እንዳይሞክረው)። ሜዳው ላይ ቀስ ይላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይበራል። ኢንፍላቶንም እንደዚያ ነው። ግሽበቱ ረጅም እንዲሆን መንገዱ ለጥ ያለ መሆን አለበት። የሚገርመው ፍሬኑን የሚይዘው ራሱ መለጠጡ ነው። ህዋ በተለጠጠ ቁጥር ኢንፍላቶን እንደ ማር ውስጥ ይጎተታል።

እንግዲህ ሞዴሎቹ የሚጣሉት በዚህ መንገድ ላይ ነው። የቁልቁለቱ ቅርጽ ምን ይመስላል? ከየት ከፍታ ተነሳ? የሚንከባለለው አንድ መኪና ነው ወይስ ሁለት? ጉዞው የሚያበቃው ቀስ ብሎ ነው ወይስ ገደል ገብቶ? ከነጭራሹስ፣ መኪና ነበረ ወይስ መሬቱ ራሱ ነው የተንሸራተተው? "ሞዴል" ሲባል የምንሰማው ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠ አንድ ሙሉ መልስ ነው። እንጂ አንዱ "ግሽበት ነበረ" ሌላው "አልነበረም" እየተባባሉ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ይሄ ይምታታል።

የመጀመሪያው ሞዴል ለምን ወደቀ?

አለን ጉት በታኅሣሥ 1979 አሜሪካ ስታንፎርድ ውስጥ ሲሠራ ሐሳቡ የመጣለት ማታ ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ርዕሱን በድርብ ሳጥን ከቦ ጻፈው። ጽሑፉ የወጣው በ1981 ነው።

የጉት መንገድ ቁልቁለት አልነበረም፤ ጉድጓድ ነበር። ኢንፍላቶን ከፍታው ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ተሰንቅሯል። ለመውጣት አቅም የለውም። ኳንተም ፊዚክስ (የደቃቅ ቅንጣቶች ፊዚክስ) ግን ግድግዳ ሰብሮ የመውጣት ዕድል ይሰጣል። እዚህም እዚያም አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ውስጥ ግሽበት ያበቃል። ልክ ውኃ ሲፈላ እንደሚታየው ማለት ነው። ችግሩ አረፋዎቹ ሳይገናኙ ቀሩ። በመካከላቸው ያለው ቦታ ከእነሱ በፍጥነት ይለጠጣል። ቢገናኙም የሚወጣው ጽንፈ ዓለም የተጎረባበጠ ነው፤ የእኛን ልሙጥ ሰማይ አይመስልም። ጉት ይህን ጉድለት እዚያው ጽሑፍ ላይ ራሱ ተናግሯል። ይሄን ነገሩን እወድለታለሁ።

በ1982 አንድሬ ሊንዴ በሶቪየት፣ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት ደግሞ በአሜሪካ ጉድጓዱን ደፈኑት። በምትኩ ለጥ ያለ ሜዳ አደረጉ። መስኩ ቀስ ብሎ ይንከባለላል፤ የምናየው ዓለም በሙሉ ከአንድ ቦታ የወጣ ይሆናል። ዛሬ ግሽበት ሲባል የዚህ ዘር ነው። በ1983 ሊንዴ አንድ እርምጃ ጨመረ። ልዩ ሜዳ አያስፈልግም፣ ተራ ጎድጓዳ ሳህንም ይበቃል አለ። መስኩ ከሳህኑ ጠርዝ ከፍ ብሎ ከተነሳ በቂ ጊዜ ያገኛል። ይህ "ምስቅልቅል ግሽበት" ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሒሳቡ ከሁሉም ይቀላል። ለዚህም ነው ለ30 ዓመት ያህል ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ እሱን የሚማረው።

ስታሮቢንስኪ የሚሉት ሰው ማን ነው? ስሙ ይደጋገማል።

አሌክሲ ስታሮቢንስኪ ሞስኮ ይሠራ የነበረ ሩሲያዊ ነው። በ2023 አረፈ። የእሱ ጽሑፍ የወጣው በ1980 ነው፤ ከጉት ይቀድማል። ግን መነሻው ሌላ ነበር። ሰማዩ ለምን እኩል ሆነ ብሎ አልጀመረም። የአንስታይንን የስበት ቀመር ወሰደና፣ የህዋው ጠመዝማዛነት በጣም ሲበረታ አንድ ተጨማሪ ነገር ብንጨምርበትስ አለ። የጨመረው የጠመዝማዛነቱን ካሬ ነው። ከዚያ ቀመሩ በራሱ ግሽበት አመጣለት።

ኢንፍላቶን የሚባል እንግዳ አልጋበዘም። መሬቱ ራሱ ነው የተንሸራተተው ያልኩት እሱን ነው። የሚገርመው፣ ቀመሩን በሌላ ቋንቋ ስትጽፈው አንድ መስክ ሆኖ ይወጣል። የሚንከባለልበት መንገድ ደግሞ የሐረማያ ሜዳና የደንገጎ ቁልቁለት ነው፦ ረጅም ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከዚያ ድንገት መውረድ።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ። ፌዶር ቤዝሩኮቭና ሚካኤል ሻፖሽኒኮቭ ለምን አዲስ መስክ እንፈጥራለን፣ ያለንን ሂግስን እንጠቀም አሉ። ሂግስ ቅንጣቱ በ2012 ጄኔቭ አካባቢ ባለው የቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ የተገኘው መስክ ነው። ሂግስን ከስበት ጋር በጠንካራ ገመድ ስታስረው መንገዱ ይጠፈጠፍና ያው ሜዳ ይወጣል። ሁለቱ ከሁለት የተለያየ መነሻ ተነስተው ሰማይ ላይ የሚተነብዩት ግን አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ሞዴል በስሙ አይለይም የምለው ለዚህ ነው።

ባጠቃላይ ስንት ሞዴል አለ?

በ2013 ሦስት ተመራማሪዎች (ማርታን፣ ራንዥቫልና ቬናን) ባለ አንድ መስክ የሆኑትን ብቻ ሰብስበው 74 ቆጥረዋል። ሁሉንም ልዘርዝር ብል እስከ ቁርስ ፈጢራ ሰዓት እንቀመጣለን።

ማወቅ ያለብህን ልጥቀስ። "ተፈጥሯዊ ግሽበት" በ1990 የቀረበ ነው፤ መንገዱ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ቁልቁለቱ ለምን ለጥ አለ ለሚለው ጥሩ ምክንያት ስላለው ብዙ ሰው ይወደው ነበር። "ድቅል ግሽበት" ባለ ሁለት መስክ ነው። አንዱ ሜዳው ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ሁለተኛው በጎን ይደረመስና ግሽበቱን ያቆመዋል፤ መኪናው ሜዳ ላይ እየሄደ የመንገዱ ጎን እንደተናደ ማለት ነው። "ኩርቫተን" በሚባለው ደግሞ ሥራው ተከፋፍሏል። አንዱ መስክ ህዋን ይለጥጣል፣ ሌላው ዳር ቆሞ ቆይቶ የጋላክሲዎቹን ዘር ይዘራል። "ሞቃት ግሽበት" በ1995 አርጁን ቤሬራ ያቀረበው ነው። በሌሎቹ ሞዴሎች ህዋ ሲለጠጥ ባዶና ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በእሱ ግን እየተለጠጠም ሙቀት ይፈጠራል። ከሕብረቁምፊ ንድፈ ሐሳብ (ቅንጣት ሁሉ የሚርገበገብ ክር ነው ከሚለው) የመጡም አሉ፤ እነሱን ለሌላ አርብ።

ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ለድሬ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በላዩ ይሻገራል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳትወርድ ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል። ከዚያ ጎርፉ ይመጣል። ጉልበቱ ላይ ነበር፣ ታች ሲደርስ ነው የታየው። ኢንፍላቶንም ሸለቆው ሲደርስ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ከፍታው ላይ የያዘው ጉልበት ወደ ቅንጣቶችና ወደ ሙቀት ይለወጣል። ትኩሱ ታላቅ ፍንዳታ የምንለው እዚህ ይጀምራል። ይህ "ዳግም ማሞቅ" ይባላል። እያንዳንዱ ሞዴል የሚያሞቅበት መንገድና ፍጥነት ይለያያል። ሞዴሎችን በቁጥር ስናወዳድር ትንሽ የመንቀሳቀሻ ቦታ የሚተውላቸውም ይሄ ነው።

ማንም እዚያ አልነበረም። በምን ይፈተናሉ?

በሁለት ቁጥር። ብዙ ቃል አለ፤ ፍርዱ ግን በአመዛኙ ሁለት ቁጥር ላይ ነው።

ኳንተም ፊዚክስ ፍጹም ዝምታ አይፈቅድም። ኢንፍላቶን ሲንከባለል በጥቂት በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። በ1981 ሙካኖቭና ቺቢሶቭ የተባሉ ሁለት ሶቪየታውያን ይህ መንቀጥቀጥ የጋላክሲዎች ዘር ሊሆን እንደሚችል አሰሉ። ግሽበቱ ያን ንቅናቄ እየለጠጠ ከሰማይ እስከ ሰማይ አደረሰው። የበዛበት ቦታ ስበቱ በረታ፣ ጋዝ ሰበሰበ፣ ጋላክሲ ሆነ። ፍኖተ ሐሊብ፣ አንተ፣ እኔ፣ ድሬ ከዚያ ነን።

የመጀመሪያው ቁጥር ከዚያ መንቀጥቀጥ የመጡትን ሞገዶች ሚዛን ይለካል። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ሞገዶች እኩል ከበረቱ ቁጥሩ 1 ነው። ትልልቆቹ በትንሹ ከበረቱ ከ1 ያንሳል። በ2009 የተወነጨፈው የአውሮፓ ፕላንክ ሳተላይት 0.965 ብሎ ለካው፤ ስሕተቱ 0.004 ገደማ ነው። ከ1 ማነሱ ትልቅ ዜና ነው። ቀስ ብሎ የሚንከባለል ነገር እንዲህ ያለ ትንሽ ዝንባሌ መተው አለበት፤ ተገኘም። ቀላሉ ድቅል ግሽበት ከ1 በላይ ይተነብይ ስለነበር እዚህ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ቁጥር የስበት ሞገድን ይመለከታል። ግሽበት ህዋን ራሱን ያንቀጠቅጣል። ያ መንቀጥቀጥ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ ነው? ይህ ቁጥር ግሽበቱ ከየት ከፍታ እንደተነሳ ይነግርሃል። ከፍ ካለ ተራራ ከተነሳ ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ከዝቅተኛ ሜዳ ከተነሳ ትንሽ። ምስቅልቅሉ ሳህን 0.13 ገደማ ይላል። ግድግዳው ይበልጥ የሚቆመው፣ ጉልበቱ በአራተኛ ደረጃ የሚያድገው ሳህን ደግሞ 0.26 ያህል ይላል። ስታሮቢንስኪ 0.003 ይላል። 0.13 እና 0.003፤ አርባ እጥፍ! ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የሚለያያቸው።

ሦስተኛ መለያም አለ። ባለ ብዙ መስክ ሞዴሎች ሞገዶቹ የተለየ የርስ በርስ ዝምድና እንዲኖራቸው ያደርጋሉ። ፕላንክ ፈልጎ አላገኘም። ያ ሁሉንም አልገደላቸውም፤ ጮክ ብለው የሚናገሩትን ግን ዝም አሰኝቷቸዋል።

በ2014 ተገኘ አልተባለም ነበር?

ተብሎ ነበር። ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ባይሴፕ 2 ቴሌስኮፕ በመጋቢት 2014 የስበት ሞገዱን አሻራ አየሁ አለ። ቁጥሩ 0.2 ነበር። ሊንዴ ቤቱ በር ላይ ዜናውን ሲሰማ የሚያሳይ ቪዲዮ በዓለም ዞረ። እኔም ያኔ ለማስተምራቸው ልጆች ሰሌዳ ሙሉ ጻፍኩላቸው። "በቃ፣ ተረጋገጠ" አልኩ። ሳህኑ አሸነፈ፣ ስታሮቢንስኪ ወደቀ ብዬም ጨመርኩ።

አቧራ ነበር። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ደቃቅ አቧራ እንደዚያ ዓይነት አሻራ ይተዋል። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ጋር በጋራ ሲመረመር ምልክቱ በአቧራ የሚገለጽ ሆኖ ተገኘ። ድሬ ተወልጄ አድጌ፣ መስኮት ላይ ያለ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አቧራ መሆኑን መጠርጠር ነበረብኝ። ሰሌዳው ፊት ተመልሼ ቆሜ የጻፍኩትን አጠፋሁ። አንድ ልጅ እስካሁን ሲያገኘኝ "ቲቸር፣ አቧራው እንዴት ነው?" ይለኛል።

እስካሁን የወደቀ ሞዴል አለ? ወይስ ሁሉም እንደተቀመጠ ነው?

አለ፣ ብዙ። "ሳይንቲስቶቹ ምንም አያውቁም" የሚለው ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ያው የደቡብ ዋልታ ቡድን መሣሪያውን አሻሽሎ፣ አቧራውን ለይቶ፣ በ2021 ሁለተኛው ቁጥር ከ0.036 በታች ነው አለ። ይህን ከላይ ከጻፍኳቸው ጋር አስተያየው። የ0.26ቱ ከመጀመሪያው ተሰናብቷል። የ0.13ቱ፣ የ30 ዓመቱ የተማሪ ሞዴል፣ እሱም ወጣ። ተፈጥሯዊ ግሽበት በተለመደ መልኩ ከልኬቱ ጋር አይገጥምም። ስታሮቢንስኪና ሂግስ ቀሩ። እነሱን የሚመስሉ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ያላቸው ሁሉ ቀሩ። እኔ በ2014 ጣልኩት ያልኩት ሰውዬ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል።

ግን ጨዋታው አላለቀም። በ2025 ቺሊ ያለው የአታካማ ኮስሞሎጂ ቴሌስኮፕ አዲስ ልኬት አወጣ። ከፕላንክና አሪዞና ካለው ዴሲ ከሚባል የጋላክሲዎችን ካርታ ከሚሠራ መሣሪያ (ደሴ አላልኩም፣ ዴሲ ነው) ጋር ሲደመር የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 0.974 ከፍ አለ። ስታሮቢንስኪ 0.967 ገደማ ነው የሚለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የስሕተት ወሰኑ 0.003 አካባቢ ሲሆን ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። አንዳንዶች የዴሲ ልኬት ከቀሩት ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይስማማ ሦስቱን መደመር ራሱ ያጠያይቃል ይላሉ። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። አንዴ ሰሌዳ ላይ ቸኩዬ ስለነደደኝ ይሆናል።

ግሽበት አያልቅም፣ ሌላ ዓለማት አሉ የሚሉትስ?

"ዘላለማዊ ግሽበት" ነው። በ1983 አሌክሳንደር ቪሌንኪን፣ በ1986 ሊንዴ ያጎሉት ሐሳብ ነው። ያው የኳንተም መንቀጥቀጥ አልፎ አልፎ ኢንፍላቶንን ወደ ታች ከመንከባለል ይልቅ ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚያ ቦታ ግሽበቱ ይቀጥላል፤ ቦታውም በፍጥነት ስለሚበዛ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ እየገሸበ ይኖራል። እዚህ ቆሞ የእኛ ዓለም ይሆናል፤ እዚያ ሌላ ዓለም ይሆናል።

ብዙ ሞዴሎች፣ ሜዳ ያላቸውም ጭምር፣ ወደዚህ ያመራሉ። ይህ ጥንካሬ ነው ወይስ በሽታ? ሊንዴ ጥንካሬ ይለዋል። እኔ ያልተመቸኝ፣ ሁሉም ነገር የሆነ ቦታ የሚሆን ከሆነ "ሞዴሉ ይህን ተነበየ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ግሽበትን ጭራሽ የማይቀበሉ ፊዚሲስቶች አሉ?

አሉ፤ ያውም ከመሥራቾቹ አንዱ። ስታይንሃርት፣ ያ በ1982 ጉድጓዱን የደፈነው፣ ዛሬ ዋነኛው ተቃዋሚ ነው። ቅሬታው ከላይ ያልኩት ነው፤ ግሽበት በጣም ተጣጣፊ ሆነ፣ የፈለግከውን ውጤት ይሰጥሃል ይላል። በምትኩ ጽንፈ ዓለም ተኮማትሮ መልሶ የነጠረ ነው ይላል። በ2017 እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን ሲጽፉ ጉትና ሊንዴን ጨምሮ 33 ሳይንቲስቶች ፈርመው መልስ ሰጡ።

እኔ መልሳቸው ይጥመኛል። አንድ ሞዴል ሊወድቅ መቻሉን በ0.13 አይተናል። ግን የስታይንሃርትም ሐሳብ መፈተኛ አለው፤ የእሱ ሞዴሎች የሚታይ የስበት ሞገድ አይጠብቁም። ከተገኘ እሱ ይወድቃል።

ይሄ ከእምነት ጋር አይጋጭም?

ጣሪያችን ላይ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመጣ ሰው አለ፤ ሁለቱም ይጠይቁናል። ሞዴሎቹ መስኩ እንዴት ተንከባለለ ይላሉ። ማን አስቀመጠው፣ ለምን አስቀመጠው አይሉም። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ በ1927 የጻፈው ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። ከዚህ በላይ እኔ የምፈታው አይደለም።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል?

ቺሊ አታካማ በረሃ ውስጥ ሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀምሯል። ደቡብ ዋልታ ያሉትም ቀጥለዋል። ጃፓን ላይትበርድ የተባለ ሳተላይት ለማምጠቅ እያቀደች ነው። ዓላማው የስታሮቢንስኪን 0.003 አካባቢ መድረስ ነው። እዚያ ደርሰው ካገኙ፣ ግሽበቱ ከየት ከፍታ እንደተነሳ እናውቃለን፤ ጄኔቭ ያለው ማፋጠኛ ከሚደርስበት ወደ ትሪሊዮን እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ነው። ካጡ ስታሮቢንስኪም ሂግስም ይወጣሉ፤ ዝቅ ካለ ሜዳ የሚነሱት ይቀራሉ።

ከጣሪያችሁ ላይ ይሄን ማየት ይቻላል?

አይቻልም። የእኛ ቴሌስኮፕ በመስታወት የሚታይ ብርሃን ነው የሚሰበስበው። ያ የጥንት ብርሃን ማይክሮዌቭ ነው፤ የአየር እርጥበት ይውጠዋል። ለዚህ ነው ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ የሚሄዱት። ድሬ ደረቅ ናት፣ ግን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ላይ ናት፤ አታካማ ላይ ያሉት ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው። በእኛ የሚታየው አንድሮሜዳ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ካለ እንደ ደበዘዘች የጥጥ ቁራጭ ትታያለች። ከ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ነው የምትመጣው። እሷም የዚያ የኢንፍላቶን መንቀጥቀጥ ልጅ ናት። አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ና፤ ጃኬት አያስፈልግም፣ ለወባ ትንኟ ግን ረጅም እጅጌ ልበስ።